የጀመረው እጅ

ደርበው እንቅልፍ እንደማይወስደው ገና ጫማውን ሲያወልቅ አውቆት ነበር። ሌሊቱን በአረጋውያን መኖሪያ ሽማግሌዎችን ሲያገላብጥ አድሮ፣ ሌላው ሰው ለሥራ ሲወጣ እሱ ወደ አልጋው ይገባል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ኑሮው ይኸው ነው፣ ሌላ ጊዜ ግን እስከ ቀትር ድብን ብሎ ይተኛል። ዛሬ ዓይኑ ፈጧል። ጥቁሩ መጋረጃ ከግድግዳው ጋር በማይገጥምበት በኩል የበርገን የግንቦት ብርሃን ሾልኮ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ሌላ የሚያርፍበት ያጣ ይመስል ደብዳቤው ላይ አርፏል። ደብዳቤውን በቃሉ ያውቀዋል። ሐኪምዎ ከሰኔ መጀመሪያ አንሥቶ በዚህ ክሊኒክ አትሠራም፤ ሌላ ሐኪም ተመድቦልዎታል፤ ከእርስዎ በኩል ምንም ማድረግ አይጠበቅብዎትም። ምንም ማድረግ አይጠበቅብዎትም! ኖርዌጂያኖቹ ሰውን ሲሸኙ እንኳ እንዳይደክመው ይጠነቀቃሉ። ሰዓቱን ያያል፤ አራት ሰዓት ከሩብ፣ በእንጅባራ አምስት ሰዓት ከሩብ። አያ ውዱ አሁን ከጥርባ ወጥተዋል፣ በዘንገና ሐይቅ ዳር ያለውን መንገድ ይዘው ፈረሳቸውን ወደ ገበያ እየነዱ ነው፣ በሰባት ሰዓት ጤና ጣቢያው ግቢ ይደርሳሉ፣ ያን ጊዜ እሱ መደወል አለበት፣ ደውሎም አራት ዓመት ጥርሱን ነክሶ ያልጠራውን ስም መጥራት፣ መጥራት ብቻም አይደለም፣ መመረቅ አለበት። ካልመረቀ የሳቸው ልጅ ውባለም ክኒኗ ያልቃል። አምስት ቀን ቀርቷታል ብላለች ርብቃ፣ ያ ሐሙስ ነበር፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ እንግዲህ ሦስት።

ርብቃ ሐሙስ ስትደውል ገና ለሥራ እየለበሰ ነበር። ነርስ ናት፣ እሱ እንጅባራ ጤና መኮንን ሆኖ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች በሚከታተልበት ክፍል አብራው ትሠራ ነበር፤ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ሥራ ሲበዛባት መዝሙር የምታንጎራጉር ልጅ። "ደሬ፣ ትሰማኛለህ? ኔትወርኩ ሳይቆረጥ ልናገር። ከሰኞ ጀምሮ ቻግኒ ነኝ፣ ዝውውሬ መጣ፣ ባለቤቴ እዚያ አይደል።" እንኳን ደስ ያለሽ ማለት ሲገባው "የኔ ሰዎችስ?" አላት። ሳቀችበት። "አሁንም የኔ ሰዎች ትላለህ? ሌሎቹ እኮ በሄድክ በዓመቱ ለመዱ። የሚዋጥ ነገር ሰጥተህ በል እግዜር ይማርህ ካልካቸው ማን ሰጠን አይሉም። ያስቸገሩኝ አያ ውዱ ናቸው። አራት ዓመት ሙሉ ደርበው ልኮልዎት ነው እያልኩ ነው የሰጠኋቸው። ደሬ፣ እኔ እኮ አማኝ ነኝ! በየወሩ እዋሻለሁ፣ በየወሩ ንስሐ እገባለሁ፣ እግዚአብሔርንም ሳልሰለቸው አልቀረሁም።"

"ታዲያ እውነቱን አትነግሪያቸውም?"

"ነገርኳቸው! ባለፈው ሳምንት ቁጭ አድርጌ ነገርኳቸው። ምን አሉኝ መሰለህ? 'ልጄ፣ አንቺ ዋሽተሽ ይሆናል፣ መድኃኒቱ ግን አልዋሸም፣ በሱ ስም ስለተሰጠ ያዘላት' አሉኝ። በቃ። ከንግዲህ ክፍሉን በሚረከበው በእንየው እጅ ይውሰዱ ስላቸው ደግሞ፣ የጀመረው እጅ ሳይመርቅ አይሆንም አሉ። ቅዳሜ ለገበያ ሲመጡ ክፍሌ አስቀምጣቸዋለሁ። ሁለት ቃል ነው ደሬ። ደውል።"

የእንየው ስም ሲነሣ የያዘውን ሸሚዝ አልጋው ላይ ጣለው። "ተመልሶ መጥቷል እኮ" አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ ባሕር ዳር መቅረት ይችል ነበር። ማን ተመልሶ ይመጣል?" እሱም ይህን ማሰብ ስለማይወድ ሥራ ረፈደብኝ ብሎ ዘጋባት።

ያገሩ ሰው መድኃኒት ከጀመረው እጅ ሳይመረቅ አይሻገርም ይላል። ሥር ነቃይ ይሁን ጠበል አጥማቂ ይሁን ሐኪም፣ መጀመሪያ ይዞ ያስቀመጠልህ እጅ እሱ ባለቤቱ ነው፤ እሱን ትተህ በድብቅ ሌላ ዘንድ ከሄድክ መድኃኒቱ ይቀየማል። ንስሐ አባትስ የፊተኛው ሳይፈቅድ ይቀየራል? አይቀየርም። ጤና ጣቢያው ውስጥ ሌሎቹ ይህን ሲሰሙ ይሥቁ ነበር፣ ወይም ይቆጡ ነበር፣ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ብለው በስብሰባ ላይ ይኮንኑት ነበር። ደርበው አልሣቀም። ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ሰዎች ያላወቁትን ነገር እሱ አወቀ፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ገዳዩ መርሳት ነው፣ ሁለት ወር ደኅና የሆነች ልጅ ድኛለሁ ብላ ትተወዋለች፣ ስትተወው እሳት ላይ ትወድቃለች። ስለዚህ እያንዳንዱን ሕመምተኛ ፊቱ አቁሞ፣ ክኒኑን በገዛ መዳፉ አድርጎ፣ "ይኸን የጀመርኩልህ እኔ ነኝ፣ እኔ በቃህ ሳልልህ አትተውም፣ ከኔ እጅ በቀር ከማንም አትቀበልም" ይል ነበር። ሰርቶ ነበር! በአራት ዓመት ውስጥ ከሱ ክፍል የጠፋ ሰው የለም፤ ከፋግታ፣ ከጥሊሊ ሳይቀር ይመጡ ነበር፣ እሱ ከሌለ በር ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁታል፣ ርብቃ እንኳ ብትሰጣቸው እጃቸውን ወደ ነጠላቸው ይሰበስባሉ። እሱ ያን ጊዜ ያ ሁሉ ሰው ሲጠብቀው ደስ ይለው ነበር እንዴ? ይለው ነበር። ማን ደስ አይለውም።

ውባለምን ያመጧት አሥራ ሁለት ዓመቷ ላይ ነው። ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዛፍ አክስለው የሚሸጡ ሰዎች ናቸው፣ ልጅቷ ከሰል የሚከሰልበት ጉድጓድ አፍ ላይ ጥሏት ቀኝ ክንዷ እስከ ክርኗ ተቃጥሏል፣ አባቷ አያ ውዱ ፈረስ ላይ አፈናጠው አመጧት፣ ከቤታቸው በአዊኛ እያባበሏት፣ ደጁ ሲደርሱ ወደ አማርኛ ተሻግረው "ሐኪሜ፣ ይህችን ልጅ እንደ ልጅህ" አሉት። ሐኪም ሳይሆን ሐኪሜ። ከዚያች ቀን ወዲያ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀጠሮ አላሳለፉም፣ ልጅቷም አንድ ቀን አልወደቀችም።

ግምገማው የመጣው በዚህ መሀል ነው። ሰዓቱን ያያል፤ አምስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ግምገማውን ሳያስታውስ ሰዓት አልፎለት አያውቅም። ለሁለተኛ ዲግሪ አንድ ቦታ መጥቶ፣ ውድድሩን አንደኛ ወጥቶ፣ ስሙ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ፣ ዳንግላ ያለች እኅቱ ዋጋዬ ሰምታ እልል ብላ ጎረቤት ሰብስባ፣ በሦስተኛው ቀን ከሥልጠናው በፊት ሠራተኛው ይገመገማል ተባለ። አዳራሹ ቀዝቃዛ ነው፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ይንጣጣል። ሰብሳቢው "በጓድ ደርበው ላይ ሐሳብ ያለው" ይላል። አሁን ይላል፣ አሁን እዚህ በርገን ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ይላል፣ እንየውም ይነሣል። እንየው፣ ጎንደር አንድ ዶርም ውስጥ በአንድ ጋቢ ተጋፍተው የተማሩት፣ የፈተና ሰሞን የሱን ሽሮ ያበላው እንየው፣ ሸሚዙን አስተካክሎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ፣ "ደርበው ጎበዝ ባለሙያ ነው፤ ነገር ግን ሕመምተኞቹን የግል ንብረቱ አድርጓቸዋል። እሱ አንድ ቀን ቢታመም ሰዎቹ መድኃኒት ሳይወስዱ ይመለሳሉ። ይህ ለሕዝቡ አደጋ ነው" ይላል። "ሂሱን ትቀበላለህ?" "የምቀበለው ሂስ የለም።" ሂስ የማይቀበል ሰው ሁለተኛ ዲግሪ አያስፈልገውም። ሰሌዳው ላይ ስሙ ተፍቆ ሁለተኛ የወጣው ሰው ስም ተጻፈ፤ ሁለተኛ የወጣው እንየው ነበር። አንዳንዴ ማታ ማታ ሽማግሌዎቹን ሲያገላብጥ መልሱን ያሰናዳል፣ በዚያ አዳራሽ ቆሞ መናገር የነበረበትን፤ አራት ዓመት ሲያርመው ቆይቷል፣ አሁን ቃሉ ሁሉ ስለት አለው፣ የሚነገርበት አዳራሽ ግን የለም።

ማንም ሳይሰማ የዓመት ፈቃድ ሞላ። መተማ፣ ካርቱም፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን አያስበውም። በመጨረሻው ቀን ግን እንደማንኛውም ቀን ሥራ ገባ፤ አያ ውዱ ልጃቸውን ይዘው መጡ፤ ክኒኑን በመዳፏ አስቀመጠላት፣ ካርዷን ሳበና ቀጣዩን ቀጠሮ ጻፈ። ሚያዝያ 8። በሚያዝያ 8 የት እንደሚሆን ያውቅ ነበር። በሚያምር የእጅ ጽሑፉ፣ ሳይንቀጠቀጥ ጻፈው። "ሐኪሜ፣ እሱ ቀን ለውባለም ጫማ ስለምገዛላት ረፋድ ላይ እንመጣለን" አሉት አያ ውዱ። "እሺ፣ እጠብቃችኋለሁ" አላቸው። እጠብቃችኋለሁ አለ። አለ! በኋላ ርብቃ ነገረችው፤ ሚያዝያ 8 ሁለቱም በሩ ላይ ሲጠብቁ ዋሉ፣ ልጅቷ አዲሱን ጫማ እንዳይቆሽሽባት አውልቃ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣው ነበር፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ርብቃ አላስችላት ብሎ ወጣችና የመጀመሪያውን ውሸት ዋሸች።

ትናንት ሲግሪድ ዘንድ ሄዷል። እዚህ አገር ሰው ሁሉ በስሙ የተመዘገበ አንድ ቋሚ ሐኪም አለው፣ እንደ ንስሐ አባት ማለት ነው፤ የሱ ሲግሪድ ነበረች፣ ፀጉሯ ሽበት፣ እጇ ቀዝቃዛ፣ ደም ግፊቱን ስትለካ የማትናገር ሴት። ሲግሪድ ብለህ ጥራኝ ብትለው አንደበቱ እምቢ ብሎት ሦስት ዓመት ዶክተር እንዳላት ቀረ። የሙያ ዕውቅናህ እዚህ አይሠራም ተብሎ በአረጋውያን መኖሪያ ሲቀጠር፣ ሽማግሌዎቹን ማጠብ እንጂ ክኒን ማቀበል አይፈቀድልህም ሲባል፣ ውኃውን እሱ ይዞ ክኒኑን ሌላ ሰው ሲያጎርስ ያደረበትን ሌሊት የነገረው ለሷ ብቻ ነው። እሷም እጁን አይታ "ይህ ሊከብድህ ይገባል" አለችው፤ አይዞህ አላለችውም፣ ያልፋል አላለችውም። አሁን እናቷ ታማ ወደ ሰሜን ወደ ትውልድ አገሯ ልትሄድ ነው። ደብዳቤው ከመጣ ጀምሮ ተናዶባት ነበር፣ የግፊቱም መድኃኒት ካለቀ ሦስት ቀኑ ነው፣ ማለቁንም አልነገራትም፣ ከማያውቀው አዲስ ሐኪም ማሳደስም አልፈለገም፤ ለሷ ያወራሁትን ለማንም አልደግምም፣ ከሷ እጅ በቀር ብሎ፣ እዚህ ላይ ሲደርስ ራሱን ሰምቶ አልጋው ላይ ይሥቃል፣ ደረቅ ሣቅ ነው፤ አያ ውዱ ከሱ በምን አነሱ? እሱ ጤና መኮንን፣ የጎንደር ምሩቅ፣ እንደሳቸው እጁን ወደ ነጠላው ሰብስቦ አይደለም እንዴ የተቀመጠው።

ሲግሪድ አንድ ገጽ ጽፋ ጠበቀችው። "ለአዲሱ ሐኪም የምሰጠው ነው። ላንብብልህ፣ የተሳሳትኩት ካለ ታርመኛለህ" አለች። አነበበች። የግፊቱን ቁጥር፣ የመድኃኒቱን ስም፣ ከዚያ ደግሞ፦ በአገሩ የሕክምና ባለሙያ ነበር፤ ሲያናግሩት እንደ ባለሙያ ያናግሩት። እንቅልፍ የለውም። በሥራው ላይ በደል ደርሶበታል፤ ሲናገር ያዳምጡት፣ አያጣድፉት። ዝም ሲል ተሻለው ማለት አይደለም። "ሌላ ማወቅ ያለበት ነገር አለ?" አለችው። የለም ብሎ ወጣ፤ ደረጃው ላይ ግን ቆመ። ወረቀት። አንድ ወረቀት መጻፍ ምን ይከብድ ነበር? በመጨረሻዋ ቀን ጠረጴዛው ላይ ወረቀትም እስክሪፕቶም ነበረ፣ ሚያዝያ 8 ብሎ የጻፈበት እስክሪፕቶ። አልጻፈም። ለምን እንዳልጻፈ ያውቀዋል። ሲሄድ እንዲጎድልባቸው ፈልጎ ነበር፤ ሰዎቹ በር ላይ ቆመው ሲመለሱ እንየው አይቶ እንዲያፍር ፈልጎ ነበር። እንየው በግምገማ የተናገረው ሐሰት ነው፣ በደል ነው፣ ስሙን የፋቁት በግፍ ነው፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ልጅ ግን በር ላይ ጫማዋን ታቅፋ ዋለች፣ እንየውም አንድ ቀን ቢታመም ብሎ ነበር።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ተነሥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ደወለ። አንዴ ጠርቶ ተነሣ።

"ደሬ! ቆይ፣ አጠገቤ ናቸው። አያ ውዱ፣ ይኸው፣ ጆሮዎ ላይ፤ አይ አይ፣ በዚህ በኩል!"

"ሐኪሜ!" ሽማግሌው ከተራራ ወደ ተራራ እንደሚጣሩ ጮኹ። "እንዴት ከረምህ? አገሩ እንዴት ነው፣ ይዘንባል?"

"ይዘንባል አያ ውዱ፣ ማባራትም አያውቅ። እርስዎ እንዴት ሰነበቱ?"

"ይመስገነው። ድንችስ ያበቅላል?"

"ድንች ሞልቷል።"

"ድንች ካለማ አገር ነው!" አሉ፤ ርብቃ ከኋላ ስትሥቅ ተሰማ።

"ውባለምስ?"

"አልነገሩህም? አገባች እኮ! የፋሲካ ማግሥት ወንድ ልጅ ወለደችልኝ። በጀርባዋ አዝላው ከሰሉ ላይ ትውላለች፣ ብትቆጣት አትሰማ።" ድምፃቸው ዝቅ አለ። "እንግዲህ ሐኪሜ፣ አሁን ብትወድቅ ብቻዋን አትወድቅም።"

ደርበው ዓይኑን ጨፈነ። አራት ዓመት ሙሉ በሐሳቡ ያቆየው ባለ አዲስ ጫማዋን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ አሁን እናት ሆና፣ ባለ ጠባሳ ክንዷን ወደ ኋላ አዙራ ሕፃን ደግፋ፣ በጉድጓዱ አፍ ላይ ጎንበስ ስትል አያት።

"እሱም እዚሁ ቆሟል" አሉ አያ ውዱ። "ስትናገር ይስማህ ብዬ አስጠራሁት። ጀርባ ለጀርባ ምርቃት የለም።"

ድምፁ ተለወጠ፣ ስልኩ ለክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ አደረጉት። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ያንን አጠራረግ በጨለማ ያውቀዋል፣ ጎንደር ለፈተና ሲነሡ ንጋት ላይ የሚሰማው ነው።

"ደርበው።"

"እንየው።"

"ደኅና ነህ?"

"ደኅና።"

አዳራሽ ተገኘ። አራት ዓመት የተሳለው ቃል ሁሉ አፉ ላይ መጥቶ ቆመ፣ ርብቃም አያ ውዱም ምስክር ሆነው ይሰማሉ፣ አንድ ጊዜ ቢጀምረው አያቆመውም። እንየው ቀደመው። "ስለ ልጅቷ ማወቅ ያለብኝ ነገር ካለ ንገረኝ" አለ። "ካርዷ ላይ ብዙ አልተጻፈም።"

ካርዷ ላይ ብዙ አልተጻፈም። ሁሉም በደርበው ራስ ውስጥ ነበር።

"ማታ ብቻ ነው የምትወስደው" አለ ደርበው። የገዛ ድምፁ ሲግሪድ ስታነብ የነበረውን ድምፅ መሰለው። "ጠዋት ከሰጠሃት ትደነዝዛለች፣ ከደነዘዘች ትተወዋለች። ሊጥላት ሲል የግራ አውራ ጣቷ ይንቀጠቀጣል፤ ደኅና ነኝ ትልሃለች፣ እጇን ቀሚሷ ውስጥ ትደብቃለች። አትጠይቃት፣ እጇን እያት።"

"የግራ አውራ ጣት። ጻፍኩ።"

"የምታጠባ ከሆነ ሕፃኑ እንቅልፍ እንዳያበዛ ተከታተል። አባቷን አትቆጣ። ኋላ ቀር አትበላቸው።"

"አልላቸውም። ሌላስ?"

ዝም አለ። እንየው አላጣደፈውም።

"ቀጠሮ ስትጽፍላት" አለ ደርበው፣ "የምትገኝበትን ቀን ጻፍ።"

ከወዲያ ማዶ እስክሪፕቶ ወረቀት ላይ ሲቆም የሰማ መሰለው። "እሺ" አለ እንየው፣ ሌላ አልጨመረም። ይቅርታ አላለም። ደርበውም አላለም።

"በል እንግዲህ ሐኪሜ" አሉ አያ ውዱ።

እጁ ባዶ ነው፣ መዳፉን ዘርግቶ አየው፣ ክኒን እንዳለበት ሁሉ። "የኔ እጅ የጀመረውን የሱ እጅ ያዝልቀው" አለ። "በእንየው እጅ ይያዝላት።"

"አሜን" አሉ ሽማግሌው። ደርበው ቀጥሎ የሚሉትን ጠበቀ፤ "በጀ" አሉ። በቃ፣ በጀ፣ ለአንድ ቁና ድንች ዋጋ ሲስማሙ እንደሚሉት። "እንግዲህ ፈረሱን ፀሐይ ላይ ነው ያሰርኩት። በርታ፣ ደኅና ሁን ልጄ።"

ስልኩ ተዘጋ። ልጄ አሉት፤ ሐኪሜ የሚለው ለሌላ ሰው እዚያው ክፍል ውስጥ ቀርቷል። ከአፍታ በኋላ ርብቃ መልእክት ላከች፦ "ከእጁ ተቀበሉ። ተባረክ።" ሁለቴ አነበበውና ተጋደመ። ያለቀሰ እንደሆነ አላወቀም፣ ትራሱ ግን ረጠበ። እሱ እምቢ ይላሉ ብሎ ነበር። ይህን አሁን ነው ያወቀው፤ እየመረቀም ሳለ በልቡ ሽማግሌው አይሆንም ሲሉ፣ ከአንተ በቀር ሲሉ መስማት ይፈልግ ነበር፤ ከእንጅባራ እስከ ጥሊሊ የሱን እጅ የሚጠብቅ አንድ ሰው ቀርቶት ነበርና። ብርሃኑ ከደብዳቤው ላይ ወደ ወለሉ ወርዷል፤ ባዶዋ የክኒን ማሸጊያ ከደብዳቤው አጠገብ አለች፤ ሰኞ አዲሱ ሐኪም ዘንድ መሄዱ አይቀርም፣ ገጹን አንብቦት ይሆናል። አሁን ግን ሽማግሌው መንገድ ላይ ይሆናሉ። ምናልባት ዘንገና ዳር ሲደርሱ ልባቸው ያመነታ ይሆናል፣ ፈረሱን አዙረው ተመልሰው፣ ርብቃን "ደውይለት፣ አልሆነም" ይሏት ይሆናል። ከእንጅባራ ጥርባ በፈረስ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። አንድ ሰዓት ተኩሉን ሙሉ፣ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጠበቀ።